በጋኑ ውስጥ የተቆጠርን ቀን

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጋኑ የብረት በር ፊት ቆመን የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሚጢ ነን። ሌሎች ሦስት ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ሁላችን ሃያ ሰው እንሆናለን። በሩን የከፈተልን አንድ የውኃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከእነዚህ ሌላ በስፍራው ማንም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ብዙ ሰው «እኔም ነበርኩ» ስላለ ነው።

የወሰደን አባቴ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከወጣ ወዲህ በየወሩ አንድ እሑድ መግቢያ የማይጠየቅበት ቦታ ይወስደናል። ለዚህም ደብተር አለው። ሽፋኑ ላይ «በክልላችን በነጻ የሚታዩ» ብሎ በትልቁ ጽፎበታል። ውስጡ የእሳት አደጋ ጣቢያ አለ፣ የቢራቢሮ ሙዚየም አለ፣ የአየር ትንበያ ጣቢያ አለ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ማራቢያ አለ። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ መስመር አስተያየት ይጨምራል። «ጥላ አለው»፤ «አስጎብኚው ይቸኩላል»፤ «ሽንት ቤቱ ይቆለፋል፣ ቤት ጨርሶ መምጣት»።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስታወራ ትውላለች፣ እሑድም አታርፍም።

«ወንድም ጋሼ፣ መቃብርም እኮ በነጻ ነው። ደብተርህ ውስጥ አለ?» አለችው በሩ ፊት እንደቆምን።

«እሱን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፤ መመለሻ ትራንስፖርት ስለማያስፈልገው፤» አለ አባቴ።

«ልጅ ፊት!» አለች እናቴ፣ የሚጢን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ።

ጋኑ የምንለው ከመሬት በታች የተሠራ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ውኃው ለመጠጥ አይደለም፤ ለእሳት አደጋ መኪናዎችና ለመንገድ ዳር ዛፎች ነው። በወር አንድ ቀን ለጽዳት ባዶ ይደረጋል። ጽዳቱ ጠዋት ያልቃል። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ሕዝብ ገብቶ እንዲያየው ይፈቀዳል። ልክ በአሥር ሰዓት ደግሞ ኮረብታው ላይ ያለው ሠራተኛ ውኃውን ይለቅበታል። ይህ ሁሉ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። እኔ አንብቤዋለሁ።

የቧንቧ ሠራተኛው ሸምገል ያለ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ከመግባታችን በፊት የነገረን ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

«ውስጥ አትጠራሩ። ሰው ስትፈልጉ ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት። ስትወጡ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ሰው በዓይኑ አይቶ ይቁጠር። እኔ ስፈልጋችሁ የምጠራችሁ በዚህ ነው፤» ብሎ በያዘው መፍቻ የበሩን ብረት ሦስት ጊዜ መታው።

«መጠራራት ምን ያደርጋል?» አለ ከሌላው ቤተሰብ አንድ ጎረምሳ።

«ይደጋግማል፤» አለ ሰውየው።

«እኛ እንኳ በስም አንጠራራም፤ ቁጥር ነን፤» አለ አባቴ በኩራት። ሰውየው ግን ቁልፉን ሊሰቅል ዞሮ ስለነበር አልሰማውም።

አባቴ እውነቱን ነው። እኛን የሚቆጥረን እንደ ተሳፋሪ ነው። እሱ «አንድ» ይላል፣ እናቴ «ሁለት»፣ አክስቴ «ሦስት»፣ እኔ አራተኛ ነኝ፣ ሚጢ «አምስት!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ «ሙሉ ነው፤ ሳበው!» ይላል፤ እንሄዳለን። በሰው መሀል ያሳፍራል። እኔ ደግሞ ሰው ባለበት ድምፄ አይወጣም። የምሠራው ልብስ ንጽሕና ቤት ነው። ከኋላ ክፍል ካውያ ይዤ እውላለሁ፤ ደንበኛው አያየኝም፣ እኔም አላየውም፣ ደኅና ነኝ። አክስቴ «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ይዛ ወርቁ ብላ ነው የምትጠራኝ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ብቻ አነሣለሁ፤ አባቴ አይቶ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሚጢ ትቀጥላለች። እንዲህ እያልን ዓመታት አልፈዋል።

ደረጃው ሠላሳ አራት ነው። ታች ስንደርስ ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። ወለሉ ላይ እንደ መስተዋት የሳሳ ውኃ ቀርቷል። ምሰሶዎቹ ስምንት ረድፍ ናቸው፣ በየረድፉ ስድስት ስድስት። ከሰው ቁመት በላይ፣ ውኃው ሲሞላ የሚደርስበት ቦታ፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጥቁር መስመር አለ። አምፖል ያለው መሀለኛው መተላለፊያ ላይ ብቻ ነው። ግራና ቀኙ እየጨለመ ሄዶ መጨረሻው አይታይም። የእርጥብ ድንጋይና የዝገት ሽታ አለው።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል ያሉት ይህን ሳያዩ ነው፤ ይሄኛውስ ዐርባ ስምንት ምሰሶም የበቃው አይመስል፤» አለች አክስቴ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ወደ ጨለማው ሄደ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሲመለስ ከሄደው የበዛ መሰለኝ።

አባቴ እንደ ልማዱ ከመበተናችን በፊት ቆጠረን።

«አንድ።»

«ሁለት፤» አለች እናቴ።

«ሦስት፣ ከነተረከዜ ሦስት ተኩል፤» አለች አክስቴ፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጋ ስለመጣች።

እጄን አነሣሁ። እጄ ከአምፖሉ ብርሃን ውጭ ነበር፤ አባቴ ሊያየው አይችልም። አፌን ልክፈት ወይስ ወደ ብርሃኑ ልጠጋ እያልኩ ሳስብ ከኋላዬ፣ ከምሰሶው በኩል፣ «አራት» የሚል ሰማሁ። የእኔ ድምፅ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ እንዴት ያውቀዋል ቢባል መልስ የለኝም፤ ግን አወቅሁት። ቀስ ያለ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ትንሽ ይያዛል።

«አምስት!» አለች ሚጢ።

«ሙሉ ነው!» አለ አባቴ። «ደግ፣ ዛሬ ወርቁ ተናገረ።»

ሚጢ እጄን ይዛ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«አፍህን ሳትከፍት ነው ያልከው፤» አለችኝ።

ወደ ምሰሶው ዞሬ አየሁ።

«እንዴት ነው የምታደርገው? አስተምረኝ።»

«እኔ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ነገር ግን ያ ጎረምሳ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ከተናገርኩ ሁሉም ዞረው ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። «ሌላ ቀን፤» አልኳት በሹክሹክታ። እሷም ከንፈሯን ገጥማ ጉንጯን ነፍታ ሞከረች። አልወጣላትም። እጄን ለቅቃ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄዳ እዚያ ሞከረች። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዞርን። ሰዎች ፎቶ ተነሡ። አባቴ የምሰሶውን ውፍረት በክንዱ ለካና ደብተሩ ላይ ጻፈው። አንዳንዴ ከጨለማው በኩል ሰው ሲያወራ ይሰማኝ ነበር፤ ዞሬ ስቆጥር ግን ሰው ሁሉ ከፊቴ ነው። ሚጢን በየጊዜው አያታለሁ። ቢጫ ቀሚሷ በምሰሶዎች መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። ከንፈሯ እንደተገጠመ ነው።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የመፍቻው ድምፅ ሦስት ጊዜ መጣ። ሰው ወደ ደረጃው ተሰበሰበ። አክስቴ እርጥቡ ላይ ተንሸራታ ልትወድቅ ደርሳ ክንዴን ያዘችው።

«ወርቁ፣ እንዳትለቀኝ፤ ከወደቅሁ ይሄን ሁሉ ምሰሶ ይዤ ነው የምወድቀው።»

ደግፌያት ወጣሁ። እናቴ ቀድማናለች። እኔ ሚጢ ከእናቴ ጋር ናት ብያለሁ፤ እናቴ ከእኔ ጋር ናት ብላለች። አባቴ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ የውጭው ብርሃን ከኋላው ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው በአውቶቡስ ድምፁ ጀመረ።

«አንድ!»

«ሁለት።»

«ሦስት፤» አለች አክስቴ እያለከለከች።

«አራት» ከበታቼ መጣ። አፌ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አምስት!»

የሚጢ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ሁልጊዜው የሚኮራ። እሱም ከበታቼ ነው የመጣው። ልጆች ከኋላችን ስለሚወጡ ከእነሱ ጋር ናት ብዬ አሰብኩ።

«ሙሉ ነው፤ ሳበው!» አለ አባቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጆቹ በጎናችን ተጋፍተው አለፉ። የቧንቧ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ አባወራዎቹን «ሙሉ ናችሁ?» እያለ ጠየቀ፣ ሁሉም «አዎ» አሉ። በባትሪ ወደ ደረጃው አበራ፣ ማንም የለም። መብራቱን አጠፋ። በሩን ቆለፈ።

ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር እናቴ ጨርቅ አንጥፋ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች።

«ሚጢስ?» አለች።

«አሁን ቆጠርኳት እኮ፤ አጥሩ ጋ ከልጆቹ ጋር ትሆናለች፤» አለ አባቴ።

አጥሩ ጋ ሄድኩ። አራት ልጆች አሉ። ቢጫ ቀሚስ የለም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የእኔ አራት የእኔ ካልሆነ የእሷ አምስትም የእሷ ላይሆን ይችላል። የሠራተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰዓት ይታያል፤ ለአሥር ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

ተመልሼ አባቴ ፊት ቆምኩ። «አባዬ፣ አራት ያልኩት እኔ አይደለሁም፤» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልክ?»

«እኔ አይደለሁም። ስንገባም፣ ስንወጣም። ሚጢ ውስጥ ናት።»

«ወርቁ ቀልድ ጀመረ፤» አለች አክስቴ። «አወይ ጊዜ!»

«በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤» አለ አባቴ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም። የራሴን ልጅ ድምፅ አጣዋለሁ?»

ያ ጎረምሳ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ሌሎቹም ዞሩ። ፊቴ ነደደ። ከዚያ ባልለመድኩት ድምፅ ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ እናቴ በኋላ «ቆጥረህ ጣልካት» ብለህ ነው የጮኽከው ብላኛለች። ወደ ሠራተኛው ክፍል ሮጥኩ።

ሰውየው ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላ ነበር።

«ጋሼ፣ እህቴ ውስጥ ቀርታለች።»

«አባትህ ሙሉ ነው ሲል ሰምቻለሁ።»

«በድምፅ ነው የቆጠረን።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቁልፉን አነሣና እየተጣደፈ «የማን የማን ድምፅ ነው የራሱ ያልሆነው?» አለኝ።

«የእኔና የእሷ።»

«ያንተ ከመቼ ጀምሮ?»

«ገና ስንገባ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል።»

አየኝ። «አዎ፤ እንዲህ ካለው ሰው ነው የሚጀምረው፤» አለ። «እኔ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ውስጥ ገብቼ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም።»

አባቴ ከኋላዬ ደርሶ ነበር። ሰውየው ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ጠቆመው። «ኮረብታው ላይ ደውሉና እንዳይከፍት ንገሩት።» አባቴ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሣም። ሰውየው «ወደ ውኃው መክፈቻ ወርዷል ማለት ነው፤» አለ። አባቴ ስልኩን ጣለና በጡረታ ጉልበቱ ሽቅብ ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ በራ። እናቴ ገፍታን ደረጃው ላይ ደረሰችና ቁልቁል «ሚጢ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት እማዬ!» የሚል መጣ። ከግራ መጣ። ከቀኝም መጣ። ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁሉም በሚጢ ድምፅ፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ። «አቤት እማዬ፣ እዚህ ነኝ፣ አቤት፣ እማዬ ነይ።»

ሰውየው እናቴን በሁለት እጁ ያዛት። «በልጅዎ፣ አይጥሯት! በልጅዎ!» አክስቴም ወገቧን ይዛ ወደ ውጭ ጎተተቻት። አክስቴ ያን ጊዜ አልቀለደችም።

ሰውየው ለእኔ ትንሽ መፍቻ ሰጠኝ። ጆሮዬ ላይ አፉን አድርጎ፣ «ጋኑ የብረት ድምፅ አይመልስም፣ የሰው ብቻ ነው የሚመልሰው፤» አለኝ። «ካገኘሃት ምሰሶውን ሁለት ጊዜ ምታ። በአፍህ አትንገረኝ፣ አላምንህም። ከሚጠራህ ሽሽ። ዝም ያለችዋን ፈልግ።»

እሱ በቀኝ ሄደ፣ እኔ በግራ። ከመብራቱ ስርቅ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የሄድኩት። አንድ ምሰሶ፣ ዙሪያውን እዳስሳለሁ፣ ባዶ። ሌላ ምሰሶ፣ ባዶ። ድምፁ አብሮኝ ይሄዳል። «እዚህ ነኝ። አለፍከኝ። ተመለስ።» አንዱ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ሳቀ፤ ሚጢ ስትኮረኮር የምትስቀው ሳቅ ነው። መልስ እንዳልሰጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳለሁ ከወዲያኛው ጫፍ ትልቅ ብረት ሲያቃስት ተሰማ። ከዚያ ውኃው መጣ። መጀመሪያ እንደ ነፋስ ነው ድምፁ። ወዲያው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። አሥር ሰዓት ሆኗል ማለት ነው።

ያኔ ከኋላዬ የራሴ ድምፅ በጣም ጮኾ፣ እኔ በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ልክ፣ «አገኘኋት! ጋሼ፣ አገኘኋት፣ እንውጣ!» አለ።

እግሬ ቆመ። ሰውየው ከወጣ ብቻዬን ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ከቀኝ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ብረት ተመታ። ሰውየው እዚያው አለ፤ ድምፁን አላመነውም። ሄድኩ።

ውኃው ጉልበቴ ሥር ሲደርስ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ፣ ምሰሶው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ እጄ ፀጉር ነካ። ከምሰሶው ግርጌ ባለው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልክ ከራሷ በላይ ድምፅዋ «እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይላል። እሷ ግን በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛለች። ዓይኗ ከሩቁ መብራት ትንሽ ይበራል። እጄን ዘረጋሁላት። አልያዘችውም። የምታየው እጄን አይደለም፣ አፌን ነው። እንዲከፈት ትጠብቃለች።

ጎንበስ አልኩና አፌን ከፍቼ፣ ጥርሴ እስኪታያት ድረስ ከፍቼ፣ «ነይ» አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ወጣች። ምሰሶውን ሁለት ጊዜ መታሁት።

ስንወጣ ሰውየው ቆጠረን፤ እያንዳንዳችንን ግንባራችን ላይ በጣቱ እየነካ። ከዚያ በሩን ቆለፈ። አባቴ ኮረብታው ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን መክፈቻው በእጅ የሚዞር ስለሆነ ለመዝጋት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰውየው ደወለ፤ በዚህ ጊዜ ስልኩ ተነሣ። «ወጥታለች። ተወው፣ ይሙላ፤» አለ።

እናቴ ሚጢን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሚጢ አላለቀሰችም። እጇን ከአፏ አላነሣችም። ያን ጊዜ ከበሩ ውስጥ፣ ከታች፣ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«እማዬ! ውኃ! እማዬ፣ ጥለሽኝ አትሂጂ!»

ሁላችንም ሰማነው። ጎረምሳው ወደ ኋላ ሸሸ። እናቴ ክንዷ ላይ ያለችውን አየች፣ በሩን አየች።

«ክፈተው፤» አለች።

«እመቤቴ፣ ልጅዎ እቅፍዎ ውስጥ ናት፤» አለ ሰውየው።

«ይህቺ አትናገርም። የምትናገረው ያችኛዋ ናት። አንዷን አወጣችሁ፣ አንዷ ቀረች፤ ክፈተው!»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያወጣኋት። ይህች ናት።»

«በምን አወቅህ?» አለችኝ።

ዝም ስላለች ነው ልላት ፈለግሁ። በር ሥር ልጅ ስታለቅስ ለሚሰማ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም። የሚጢን ግራ ጉልበት ገለጥኩና ከዚያ በፊት ከብስክሌት ስትወድቅ የቀረውን ጠባሳ አሳየኋት። እናቴ በጣቷ ነካችው። ጠባሳው አለ። ሆኖም ዓይኗ ከበሩ አልተነሣም።

ውኃው እየሞላ ሲሄድ ልቅሶው አልቆመም፤ ግን ቁጥሩ ቀነሰ። መጀመሪያ ከወለሉ አካባቢ የሚመጡት ጸጥ አሉ። ከዚያ መሀል ላይ ያሉት። መጨረሻ የቀረው ከጣሪያው ሥር የሚመጣው ነው፤ እሱም እማዬ ማለቱን ተወና «አምስት፣ አምስት» ማለት ጀመረ። አባቴ ከኮረብታው የወረደው በዚህ ጊዜ ነው። ሰማው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆመ።

በመጣንበት አውቶቡስ ተመለስን። ሚጢ ከእናቴ ጭን አልወረደችም። ቤት ስንደርስ እጇን ከአፏ አነሣች፤ ግን አልተናገረችም። በማግሥቱ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ምንም የለባትም አለ፤ ድንጋጤ ነው፣ ጊዜ ስጧት አለ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አክስቴ ፀጉሯን ስትሠራላት ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። «አይ የኔ ደንበኛ፤ ሁሉም እንዳንቺ በሆነ፤» ትላታለች አክስቴ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አባቴ ሚጢ ባለችበት ክፍል ቀና ብሎ አይቀመጥም። እናቴ ግን ትቀመጣለች። ከፊቷ ተቀምጣ ታያታለች፤ ጆሮዋን፣ ጥፍሯን፣ ያንን ጠባሳ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በዝቅተኛ ድምፅ «አንቺ ማነሽ?» ስትላት ሰማሁ። ሚጢ አየቻት፤ አልመለሰችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እማዬ፣ ተያት፤» አልኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ነው ያልኩት።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። በዐሥረኛው ቀን ምሳ ላይ ሚጢ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ አፏን ከፍታ፣ እናቴን «ጨው አቀብዪኝ» አለቻት። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል። እናቴ አቀበለቻት።